ተመራጯ ጎረቤቴ

ከጎረቤቴ ጋር ስምንት ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም ነበር። ግቢዎቻችን አዳማ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ታች በሚወርድ የኮብልስቶን መንገድ ዳር፣ ጎን ለጎን ናቸው፤ የኔ ከላይ፣ የሷ ከታች። እሷ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላት፤ ሲሚንቶና ብረት ትሸጣለች። እኔ ጡረታ የወጣሁ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። መጀመሪያ አርሲ ነገሌ፣ ከዚያ እዚሁ አዳማ፣ ሃያ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ። ከጠባችን በፊት «ጋሼ» እያለች በእርስዎ ነበር የምታናግረኝ። ከጠቡ በኋላ «አንተ» ሆንኩ፤ ቀጥሎ እሱም ቀረና መንገድ ላይ ስታየኝ ፊቷን ወደ ግንቡ ማዞር ጀመረች። እኔም አዞርኩ።

የጠቡ መነሻ ሶሌታ ነው። ሲሚንቶ የጫነ መኪና ግቢዋ ድረስ እንዲገባላት ብላ፣ በደጃችን የሚያልፈውን የጎርፍ መውረጃ ቦይ በበሯ ፊት በኮንክሪት ሸፈነችው። ከሥሩ ለውሃው የተወችው ቀዳዳ አንድ ባልዲ የሚያሾልክ አይመስልም። ወጥቼ ጮህኩባት። ባለጌ አልኳት። እሷም ስለ እኔና ስለ አጥሬ የመጣላትን ተናገረች፤ ሰፈሩ በሙሉ በር ላይ ወጥቶ ሰማን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሷ ሱቅ ሚስማር ቤቴ ገብቶ አያውቅም። አንድ ማንጠልጠያ ለማሰር ከተማ መሀል ድረስ በባጃጅ እሄድ ነበር።

አንድ የነሐሴ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ዝናቡ ከኮረብታው በኩል መጣ። ከአስፋልቱ ሥር ያለው ትልቅ ቱቦ የላይኛውን ሰፈር ውሃ ሁሉ የሚተፋው በኛ መንገድ ላይ ነው። ውሃው ጠጠርና የፕላስቲክ ጠርሙስ እየነዳ ወረደ፤ ቦዩ ሞላ፣ ግቢዬ ሞላ፣ ከዚያ ሳሎን ገባ። ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን አቅፋ አልጋ ላይ ወጣች። እኔ መጽሐፍ የሞላባቸውን ካርቶኖች ላነሳ ጎንበስ ስል የካርቶኑ ሥር እጄ ላይ ቀለጠና መጻሕፍቱ ውሃው ላይ ተበተኑ። ያስተማርኩበት የሥነ ዜጋ መጽሐፍ በጭቃ ተለውሶ ወደ ኩሽና ሲንሳፈፍ አየሁት። ከጎረቤቴም ግቢ ጩኸት ይሰማ ነበር፤ ሲሚንቶዋ እየረጠበ ነበር። ደስ አለኝ። ሳሎኔ ውስጥ ውሃ እስከ ጉልበቴ ቆሜ ደስ አለኝ ብል ማንም አያምነኝም፤ ግን እውነት ነው።

በማግሥቱ ጭቃ እንደለበስኩ ቀበሌ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ጸሐፊ አቤቱታዬን ሰምታ ስትጨርስ «ለሰፈራችሁ ተመራጭ አመልክተዋል?» አለችኝ።

«ተመራጫችን ማን ነው?»

አንድ የደበዘዘ ዝርዝር ከመሳቢያ አውጥታ በጣቷ ወደ ታች ወረደች። ቆመች። ቀና ብላም አየችኝ። «ጎረቤትዎ አይደሉም እንዴ? የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያላቸው?»

ወረቀቱን ነጥቄ አነበብኩ። እሷ ናት፤ ስሟ ከነአባቷ ከነአያቷ ተጽፏል። በምርጫው ዕለት ተሰልፌ ነበር። ወረቀቱን ተቀብዬ፣ የለመድኩት ምልክት ላይ ምልክት አድርጌ፣ ስሞቹን ሳላይ ወጣሁ። ምናልባት የመረጥኳት ራሴ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ሰሌዳ ላይ ሦስት ሳጥን እየሣልኩ፣ «የአካባቢ፣ የክልል፣ የፌዴራል» እያልኩ ያስተማርኩ ሰውዬ፣ ከሦስቱ ተመራጮቼ አንዱንም በስም አላውቅም ነበር። ጸሐፊዋ ፊቴን አይታ «ሌላ ጉዳይ አለዎት?» አለች። የለኝም ብዬ ወጣሁ።

ቤት ደርሼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ታውቅ ኖሯል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስሟ ሲነሳ ማዕድ ትገፋ የለም እንዴ? መቼ ልንገርህ?» አለች። ፍራሹን አጥሩ ላይ እያሰጣች ነበር። «አሁን ሂድና አናግራት። ኩራትህን ብትውጠው አትሞትም። እኔ ሁለተኛ ፍራሽ አላሰጣም።»

ሦስት ቀን ቆየሁ። በአራተኛው ቀን ወደ ሱቋ ገባሁ። ረጥቦ የደረቀ ሲሚንቶ በከረጢቱ እንዳለ ድንጋይ ሆኖ ደጃፉ ላይ ተደርድሯል። ከባንኮኒው ኋላ ሆና አየችኝ።

«ምን ፈለግክ?»

«ለገበያ አይደለም። ተመራጬን ፈልጌ ነው።»

ሳቀች። ሳቋ ግን ሳቅ አልነበረም። «አጥር ለአጥር ስንኖር አላወቅህም? መምህር፣ ልጆቹን ምን ነበር የምታስተምራቸው?»

እውነቷን ስለነበር ይበልጥ ጠላኋት። ስለ ሶሌታዋ ጀመርኩ፤ እጇን አነሳችና አስቆመችኝ።

«ስማኝ። ቦዩ የከተማው ነው። ከአስፋልቱ ሥር ያለው ቱቦ ደግሞ የፌዴራል መንገድ አካል ስለሆነ ከተማው አይነካውም። እኔ በቃል ደጋግሜ አንስቻለሁ፤ ‹ነዋሪው በጽሑፍ አልጠየቀም› ይሉኛል። ነዋሪው አንተ ነህ። ጻፍ።»

ጻፍኩ። ቁጭ ብዬ ሦስት ገጽ ሙሉ፣ በሚያምር አማርኛ፣ የሷን ሶሌታ በየገጹ እያነሳሁ ጻፍኩ። በማግሥቱ ባንኮኒዋ ላይ አኖርኩላት። ቆማ ሦስቱንም ገጽ አነበበች፤ ፊቷ ላይ ምንም አላየሁም።

«ይሄ መዝገብ ቤት አይገባም። የቢሮው ሥራ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ በዚያ ነው የሚጻፈው» አለች።

የኔ አፋን ኦሮሞ የገበያ ነው። ሰላምታ አውቃለሁ፣ «መቃ?» ብዬ ዋጋ እጠይቃለሁ፣ ቅናሽም እለምናለሁ። ማመልከቻ ግን አልጽፍም። እሷ የአርሲ ልጅ ናት፤ የአፍ መፍቻዋ ነው። ወንበር ስባ ተቀመጠችና የኔን ሦስት ገጽ በአንድ ገጽ ጽፋ አዞረችልኝ።

«አንብበውና ፈርም።»

ወረቀቱን አነሳሁ። ፊደሉን አውቀዋለሁ፤ ቃል በቃል እየቆጠርኩ ብሄድ በግማሽ ሰዓት ግማሹን እረዳው ነበር። ግን እፊቷ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አላነብም። ዓይኔን ከላይ እስከ ታች ላክሁት። ሶሌታዋን አውጥታዋለች ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ።

«ሶሌታሽስ?»

«አለ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። አንብበው አልኩህ እኮ።»

«አንብቤያለሁ» አልኳትና ፈረምኩ።

ማመልከቻው ማኅተም ተመትቶበት ከተማው ቢሮ ገባ፤ ከዚያም ተኛ። በየሳምንቱ እየሄድኩ እጠይቃለሁ፤ «በሂደት ላይ ነው» ይሉኛል። አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘችኝና ሳትቆም «ከላይ ካልተገፋ አይነሳም። የክልል ተመራጫችን መቂ ነው የሚሠራው። ሐሙስ እሄዳለሁ፤ ከፈለግክ ና» ብላኝ አለፈች።

የክልሉ ምክር ቤት ጉባኤውን የሚያካሂደው እዚሁ እኛ ከተማ ነው። ጉባኤ በሆነ ቁጥር መንገድ ይዘጋል፤ ባጃጁ ይዞርና እኔ ባለ ባጃጁ ላይ እነጫነጫለሁ። ከቤቴ በእግር በሚደረስበት አዳራሽ ውስጥ በኔ ስም እጁን የሚያወጣ ሰው እንዳለ አስቤም አላውቅ። አሁን እሱን ፍለጋ ሌላ ከተማ ልሄድ ነው።

ሐሙስ ጠዋት መናኸሪያ ስንደርስ ሚኒባሱ ውስጥ የቀረው ሁለት ቦታ ብቻ ነበር፤ ጎን ለጎን። ተቀመጥን። ሞጆ እስክንደርስ ቃል አልተለዋወጥንም። ሞጆን እንዳለፍን «መስኮቱን ዝጋው» አለች።

«ሞቆኛል።»

«አቧራው ዓይኔ እየገባ ነው።»

«ታዲያ ጨፍኚ።»

ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ዞር ብለው አዩንና ለጎናቸው ሰው «ባልና ሚስት ናቸው» አሉ። ሁለታችንም እኩል «አይደለንም!» ብለን ጮህን። መኪናው ሳቀ። እኛ አልሳቅንም። መስኮቱን እስከ ቆቃ አልዘጋሁትም፤ ከዚያ በኋላ ለኔም ስለበረደኝ ዘጋሁት። ለሷ ብዬ እንዳይመስላት «በርዶኝ ነው» አልኳት።

መቂ ውስጥ የጭነት መኪኖች መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘው ሽንኩርትና ቲማቲም ይጭናሉ፤ ደላሎቹ ይጮሃሉ። የተመራጫችን ቢሮ ከዚያ ጀርባ ነው። አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው፤ ጫማው ጭቃ ለብሶ ግቢው ውስጥ ቆሞ ከገበሬዎች ጋር ያወራ ነበር። ጎረቤቴ በአፋን ኦሮሞ ሰላም ብላው ጀመረች። «ሎላ» የምትለዋን፣ ጎርፍ ማለት ናት፣ ደጋግሜ ሰማሁ። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። እንዲህ ለስልሳ መናገር እንደምትችል አላውቅም ነበር። ሰውየው እኔ እንደማልከተል ገብቶት በአማርኛ ወደኔ ዞረ።

«አባቴ፣ ከአዳማ ድረስ ለዚህ መጡ?»

«እርስዎ ስላልመጡ ነዋ» አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። «መደወል ይቻል ነበር።»

«ቁጥርዎ አይሠራም።»

«ከቀየርኩት ቆየ።»

«ለማን ነገሩ?»

ጎረቤቴ በክርኗ ነካ አደረገችኝ፤ ገላዋ ገላዬን ሲነካ በስምንት ዓመት የመጀመሪያው ነበር፤ አመመኝም። ሰውየው የጫማውን ጭቃ በድንጋይ ጠርዝ ጠረገ።

«እውነት ልንገርዎ?» አለኝ። «ከተመረጥኩ ጀምሮ ከዚያ ሰፈር ብዙ ሰው መጥቶብኛል። ልጄን አስቀጥርልኝ፣ ዘመዴን አዛውርልኝ ሊል። ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃ ሊጠይቅ የመጣ ግን እናንተ የመጀመሪያ ናችሁ። እና የመጀመሪያው ሰው መጥቶ ይሰድበኛል።»

ቢሆንም ስልኩን አወጣ። እፊታችን ቆሞ ከተማው ቢሮ ደወለ፤ የማመልከቻውን ቁጥር ጎረቤቴ ከቦርሳዋ አውጥታ አነበበችለት። የፓርላማ ተመራጫችንም በሚቀጥለው ወር አዳማ መጥታ ከመራጮች ጋር እንደምትሰበሰብ ነገረን። አዲሱን ቁጥሩንም ሰጠን።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ እሷ ጀመረች። «ለምን ሰደብከው?»

«አልሰደብኩትም፤ ጠየቅኩት።»

«አጠያየቅህ ስድብ ነው።»

«ያንቺ ደግሞ ልመና ነው።»

«ልመናዬ ነዋ ያስደወለው» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። መስኮቱን የያዘችው በዚህኛው ጉዞ እሷ ነበረች፤ እስከ አዳማ ዝግ ነበር። በላብ ተጠምቄ ገባሁ።

በስብሰባው ቀን አዳራሹ በር ላይ የያዙት ዝርዝር ውስጥ ስሜ አልነበረም። «የተጠራ ብቻ ነው የሚገባው» አለኝ ጥበቃው። መራጭ ነኝ ብዬ ስከራከር ጎረቤቴ ከውስጥ ወጣች። «የኔ መራጭ ነው፤ አስገባው» አለችው። ገባሁ። አመሰግናለሁ አላልኳትም፤ እሷም አልጠበቀችም።

የፓርላማ ተመራጫችን ሃምሳዎቹን የያዘች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሪፖርት ቀረበልን። ጥያቄ ሲባል እጄን ከሁሉ አስቀድሜ አወጣሁ፤ ሰብሳቢው ግን ሌሎችን እየጠራ አለፈኝ። በመጨረሻ ሳልጠራ ተነሳሁና ድምፅ ማጉያውን ከአጠገቤ ሰው ተቀበልኩ።

«ከአስፋልቱ ሥር ያለው ቱቦ የፌዴራል ነው ተባልኩ» አልኩ። «ውሃው ግን ፌዴራል አይደለም፤ ሳሎኔ ነው የሚገባው። ማንን ልጠይቅ?»

አዳራሹ አጨበጨበ። ሰብሳቢው አጀንዳው ይከበር አለ። ተመራጯ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችና «ለሚመለከተው አካል አቀርባለሁ» አለች።

«የሚመለከተው እርስዎን ነው። ስልክ ቁጥርዎን ይስጡን።»

ሰብሳቢው ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እሷ ግን ቀደመችው። ደስ እያላት አልነበረም፤ ቢሆንም ቁጥሩን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላ ተናገረች። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ሲጽፍ አየሁ። እኔ ስልኬን ቤት ረስቼ ነበርና መዳፌ ላይ ጻፍኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከከተማው መሐንዲስ መጣ፤ ሜትር የያዘ ሠራተኛና ቀይ ቀለም የያዘ ሌላ ሠራተኛ አስከትሏል። በቀጥታ ወደ ጎረቤቴ በር ሄዱ። ለኩ። ሶሌታዋ ላይ ትልቅ ቀይ የመስቀለኛ ምልክት ቀቡ። እኔ በሬ ላይ ወንበር አውጥቼ ተቀምጬ አይ ነበር። የስምንት ዓመት ንዴቴ በአንድ ጊዜ ወጣልኝ። ባለቤቴን «ነይ እዪ፣ ነይ!» እያልኩ ጠራኋት።

መሐንዲሱ ከዚያ ወደኔ ግቢ መጣ። ሜትሩን ከመንገዱ መሀል እስከ አጥሬ ዘረጉት። ተመልሰው ለኩ። ከዚያ ቀለም የያዘው ሰው የብሎኬት አጥሬ ላይ ያንኑ ምልክት ቀባ።

ዘልዬ ተነሳሁ። «ምንድን ነው የምትሠሩት? አመልካቹ እኔ ነኝ!»

«አውቃለሁ» አለኝ መሐንዲሱ ወረቀቱን ገልጦ። «ማመልከቻው ሁለት ነገር ነው የሚጠይቀው። አንደኛ፣ የተመራጯ ሶሌታ ቦዩን ስለዘጋ እንዲነሳ። ሁለተኛ፣ የአመልካቹ አጥር ወደ ቦዩ ገብቶ ስላጠበበው እንዲታይ። ፊርማው የእርስዎ አይደለም?»

የኔ ነበር።

እውነቱን ልናገር። ከቆርቆሮ ወደ ብሎኬት ስቀይር፣ ቦዩ በጣም ሰፊ ነው ብዬ አጥሬን ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ገፍቼው ነበር። ባለቤቴ አበባ መትከያ ፈልጋ ነበር። በጠባችን ቀን ጎረቤቴ በሰው ፊት የጮኸችብኝ ይህንን ነው፤ ከላይ ሳልጽፈው ያለፍኩትም ይህንኑ ነው። ለራሴ ስደጋግም ስለኖርኩ፣ አጥሬ ከድሮም እዚያ የነበረ ያህል አምኜ ነበር። መሐንዲሱ ጣቱን ወደ ቦዩ ቀስሮ «ውሃው ግቢዎ የሚገባው እዚህ ጋ ሲጠብበት ነው፤ የሷ ደግሞ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ሁለታችሁም ናችሁ» አለኝ።

ሱቋ ገባሁ። «አጭበረበርሽኝ!»

«አንብበው አላልኩህም? ሁለት ጊዜ?»

«ጎረቤት እንዲህ ያደርጋል?»

«ጎረቤት ሆነህ አይደለም የመጣኸው፤ ተመራጬን ፈልጌ ነው ብለህ ነው የመጣኸው። ተመራጭ ሆኜ ጻፍኩልህ። የራሴን አስቀደምኩ፣ ያንተን አስከተልኩ። አሁን ውጣልኝ፣ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው።»

ደንበኛ አልነበረም። ሆኖም ወጣሁ።

አጥሬን ሌላ ሰው እንዲያፈርሰው አልፈለግኩም። ሁለት ቀን ሙሉ ብሎኬቱን አንድ በአንድ እያወረድኩ ራሴ አፈረስኩት፤ ወገቤ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። ባለቤቴ አበቦቿን በጣሳ እየቆፈረች አወጣች፤ ሁለቱን ቀን አላናገረችኝም። የጎረቤቴን ሶሌታ የሰበረው የከተማው ስካቫተር ነው። እሷ ሱቋ ደጃፍ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተመለከተች። በዚያ ቀን ፊቷን አየሁት። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ደስ አላለኝም። ግን አላዘንኩላትምም።

በቀጣዩ ክረምት ውሃው ቦዩን ሞልቶ ወረደ፤ አንድ ቀን ብቻ ደረጃዬ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ሳሎን አልገባም። የአስፋልቱ ቱቦ ግን እንዳለ ነው። በየወሩ መጀመሪያ ሰኞ የፓርላማ ተመራጫችን ጋ እደውላለሁ። አንዳንዴ ታነሳለች። «መምህር፣ አልረሳሁም» ትለኛለች። «ማስታወስዎን አይደለም የምጠይቀው» እላታለሁ። ዘግታብኝም ታውቃለች። በሚቀጥለው ወር ግን አነሳች።

የሦስቱንም ቁጥር በትልቁ ጽፌ፣ አጥሬን ወደ ውስጥ መልሼ ስሠራ ባቆምኩት አዲስ በር ላይ ለጠፍኩት፤ የሰፈሩ፣ የክልሉ፣ የፓርላማው። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ በስልኩ ፎቶ ያነሳዋል። በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ በሬ ተደበደበ። ጎረቤቴ ናት፤ ነጠላዋን እንደነገሩ ጣል አድርጋለች።

«ስልኬን በር ላይ ለጠፍክብኝ? ከላይኛው ሰፈር ሰው በአሥራ አንድ ሰዓት እየደወለ ከእንቅልፌ ያስነሳኛል! ስለ ቆሻሻ ገንዳ!»

«ተመራጭ አይደለሽም እንዴ?»

ወረቀቱን ቀደደችው። ሌላ ለጠፍኩ። እሱንም ቀደደችው። ሦስተኛውን በጠንካራ ካርቶን ሠርቼ በሚስማር መታሁት። ሚስማሩን የገዛሁት ከሷ ሱቅ ነው፤ ቆጥራ ሰጠችኝ።

ካርቶኑን አልቀደደችውም። አንድ ጠዋት ስወጣ ግን ከሷ ቁጥር ሥር በስክሪብቶ፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት አይደወልም» ተብሎ ተጽፏል። የአፋን ኦሮሞውን በጥንቃቄ፣ ቃል በቃል አነበብኩት። አማርኛው ላይ አንድ ፊደል ገድፋለች። አላረምኩላትም።